የድሮ ደንበኛ ላይ ዋጋ መጨመር እንዴት ቻላችሁበት? (መስታወት ጽዳት)

ባለመሰላሉ፦

ሰላም ናችሁ። ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። መስታወት ጽዳት ነው የምሠራው። አያት፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ አንዳንዴ ለገጣፎ ድረስ። ሁለት ልጆች አብረውኝ አሉ። ሥራ አለ፣ ተመስገን፣ እንዲያውም በዓል ሲቃረብ ስልኬ እረፍት የለውም። ያስቸገሩኝ የድሮ ደንበኞቼ ናቸው።

አሁን አዲስ ሰው ሲደውል ለጂ ፕላስ ዋን ቤት ውስጥና ውጭውን 2,000 ብር እላለሁ። አንዳንዱ ይከራከራል፣ ብዙው እሺ ብሎ ቀን ይቆርጣል። እዚያው ሰፈር፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰነው የድሮ ደንበኛዬ ግን እስከዛሬ 1,200 ነው የሚከፍለኝ። ቤቱ እኩል፣ መስኮቱ እኩል፣ እንዲያውም የዚህኛው ሳሎን ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ዋጋውን የተስማማነው ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያልጨመረ ነገር ካለ ንገሩኝ። የመስታወት ጎማው ከውጭ የሚገባ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ከተበላ መስታወቱ ላይ መስመር እየተወ ስለሚሄድ መቀየር ግድ ነው። ላርጎ ጨመረ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ባለባጃጁም መሰላላችንን ሲያይ ሌላ ዋጋ ይጠራል። ልጆቹንም በድሮው ውሎ ላሠራቸው አልችልም፣ እነሱም ቤት ኪራይ አለባቸው። ሁሉን ከፍዬ ከ1,200ው ለእኔ የምትተርፈው 300 ብር አካባቢ ናት። ከአዲሱ ደንበኛ 1,100 ይተርፈኛል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ግን አፌ አይፈታልኝም። ይሉኝታ ያዘኝ። እነዚህ ሰዎች አንድ ባሊና የተዋስኩት መሰላል ይዤ ስጀምር ያመኑኝ ናቸው። አንዲት እማማ አሉ፣ ቡና ሳያጠጡኝ አያስወጡኝም፣ ግማሹን ደንበኛዬንም ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። በምን አፌ ጨምሩልኝ ልበላቸው?

ልምድ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። በአንዴ ስንት ይጨመራል? በስልክ ነው በአካል? ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየለዩ? አንድ ቢሮም ይዣለሁ፣ የዓመት ውል ፈርመናል፣ ገና ብዙ ወር ይቀረዋል። እሱስ ይነካል?

የጀሞው፦

ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ በጀሞና በለቡ በኩል። ይሉኝታህን ቆይተን እናየዋለን። መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚፈራው ሳያሰላ ነው።

ከ1,200ው ላይ 900ው ወጪ ነው ብለሃል። 1,500 ብታደርገው ትርፍህ 600 ይሆናል። እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ ከድሮ ደንበኞችህ ግማሹ ተቆጥተው ቢሄዱ እንኳ ገቢህ ሳይነካ ድካምህ በግማሽ ይቀንሳል። 1,800 ብታደርገው ትርፍህ 900 ነው። ከሦስት ሁለቱ ቢሄዱ ያው የነበርክበት ነህ። አሁን ራስህን ጠይቅ፤ ከሦስት ደንበኛ ሁለቱ ለ600 ብር ብለው የሚያውቁትን ሰው ትተው የማያውቁትን ልጅ መኝታ ቤታቸው ድረስ ያስገባሉ? አይመስለኝም። ሰው አንተን የሚጠራህ ለመስታወቱ ብቻ አይደለም። ኮመዲኖ ላይ የተረሳ ቀለበት በተቀመጠበት እንደሚገኝ ስለሚያውቅ ነው።

ደግሞ የሄደው ሰው ቀን ባዶ አይሆንም። ስልኬ እረፍት የለውም ያልከው አንተው ነህ። በ300 ብር የተያዘች ቅዳሜ 1,100 ልታስገባልህ ትችል ነበር።

እኔ የምጀምረው ቢሄዱ ከማይቆጩኝ ሰዎች ነው። ታውቃቸዋለህ። ቀጠሮ የሚያዛውረው፣ "እግረ መንገድህን የመኪናዋንም መስታወት" እያለ በነፃ የሚያሠራው፣ ሒሳብ ሲደርስ ቴሌብሩ የማይከፈትለት። ለእነሱ ሙሉውን 2,000 ትነግራቸዋለህ። እሺ ካሉ ጥሩ፣ እምቢ ካሉ ተገላገልክ። እግረ መንገድህንም አፍህን ታፍታታለህ፣ ከዚያ ወደ ወዳጆችህ ስትሄድ ቃሉ አይከብድህም።

ቀጥታ ነኝ፦

ሁላችሁም ጨምር ጨምር ትላላችሁ። እስቲ ወጣ ብላችሁ ሰፈሩን እዩት። ጎማና ባሊ ይዞ በ700 ብር እሠራለሁ የሚል ልጅ በየአደባባዩ ቆሟል። ይህን ዋጋ አልችልም ብሎ ያባረረውን ደንበኛ መልሶ ያገኘ ሰው አላየሁም። ደንበኛህን ያዝ፣ ሌላው ወሬ ነው።

የጀሞው፦

አሉ፣ ማን ካደ። ግን ሥራቸውን አይተኸው ታውቃለህ? እዚህ እኛ ሰፈር በየቦታው ግንባታ ነው፣ መስታወቱ ላይ የሲሚንቶና የቀለም ፍንጣቂ አይጠፋም። ልጁ መጥቶ በደረቁ ምላጭ ያስኬድበታል። ፍንጣቂው ይነሳል፣ መስታወቱም ይቧጠጣል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ነው የሚታየው። ያ ሰማያዊ አንጸባራቂ መስታወት ከሆነማ አለቀ፣ ሽፋኑ ከተነሳ የሚመልሰው ነገር የለም። አንዱን ለመቀየር አልሙኒየም ቤት ሄደህ ዋጋ ጠይቅና ተመለስ።

የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ግቢዎችም አሉ። አትክልቱ ሲጠጣ ውሃው መስታወቱ ላይ ይረጫል፣ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ይሄዳል። ይሄ በሳሙና አይለቅም። በውሃ የቀጠነ አቼቶ አስነክተህ፣ ትንሽ አቆይተህ፣ በንጹህ ውሃ ማጠብ ነው። የ700 ብሩ ልጅ በብረት ሽቦ ይፈትገዋል። እና እኔ ከዚያ ልጅ ጋር በዋጋ አልወዳደርም፣ እሱ ካበላሸው በኋላ የሚጠሩኝ ሰዎች ራሳቸው ይበቁኛል።

የሰሚት እናት፦

እኔ ጽዳት ሠራተኛ አይደለሁም፣ ደንበኛ ነኝ። እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩት፣ እስቲ በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ ልንገራችሁ።

ባለመሰላሉ፣ መጨመርህ አያስቀይመንም። ሁሉም ነገር መጨመሩን ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ያውቃል። የሚያስቀይመን አነጋገሩ ነው። እኛ ቤት የሚመጣው ልጅ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን እየጠራረገ፣ "ዛሬ እንኳ 1,800 ነው" አለኝ። በእጄ የያዝኩት 1,300 ነበር። እንግዳ ፊት። ከፈልኩት፣ ግን ሁለተኛ አልጠራሁትም። 500 ብሩ አይደለም ያናደደኝ፣ እምቢ የማልልበት ሰዓት መርጦ መናገሩ ነው። ከሥራው በፊት ቢነግረኝ ኖሮ አጉረምርሜ እሺ እለው ነበር።

ሌላው፣ ለሠራተኛዋ ወይም ለዘበኛው ነግረህ እንዳትሄድ። መልእክቱ እኔ ጋ ሲደርስ ተለውጦ ነው የሚደርሰው። አንዴ "ልጁ ካልጨመሩ አልመጣም ብሏል" ተብሎ ተነግሮኛል፤ ልጁ እንዲያ እንዳላለ ኋላ ነው የሰማሁት። ለባለቤቷ ወይ ለባለቤቱ ራስህ ደውል።

ጊዜውንም አስብበት። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ አትምጣብን። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ሁሉም የሚከመርብን ያኔ ነው። በዚያ ሰሞን መቶ ብርም ጨምሩ ስትለን ክፉ እንሆናለን። ለበዓሉ በድሮው ዋጋ አጽዳልን፣ እግረ መንገድህን ከጥቅምት ጀምሮ እንደሚጨምር ንገረን። ጥቅምት ላይ ዝናቡ አቁሞ መስታወቱ የክረምቱን ጭቃ ለብሶ ስለሚታየን እኛው ነን የምንፈልግህ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትጨምረው ብር ላይ የሚታይ ነገር ጨምርበት። እነዚህ የሚንሸራተቱት የአልሙኒየም መስኮቶች ሐዲዳቸው ውስጥ አፈር ይሞላል፣ ሥር ያለችው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ትደፈናለች፣ ክረምት ላይ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ሞልቶ ምንጣፌ ላይ ይፈሳል። ይህን የሚያጸዳልኝ ሰው አጥቼ ስንት ጊዜ በጥርስ ብሩሽ ቆፍሬያለሁ! እሱንና የትንኝ ወንፊቱን አጽድተህ 500 ብር ብትጨምር አልከራከርህም፣ እውነቴን ነው።

ባለመሰላሉ፦

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሐዲዱ ነገር አስቤው አላውቅም፣ ብሩሽ ብቻ ነው የሚፈልገው። የጥቅምቱም ገብቶኛል።

የጀሞው፣ ሒሳቡ አሳምኖኛል። ግን እማማን ምን ላድርጋቸው? ጡረተኛ ናቸው፣ ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፣ ይልኩላቸዋል መሰለኝ። እሳቸውን ባለበት ልተዋቸው እያልኩ ነው።

የጀሞው፦

ከፈለግክ ተዋቸው። አንድ ሁለት ሰው በድሮ ዋጋ መያዝ አያደኸይህም፣ ደንበኛ ያመጡልህ ሴት ናቸው። ብቻ አስበህበት የተውካቸው ይሁኑ እንጂ አፍረህ ዝም ያልካቸው አይሁኑ። አሥሩንም በእማማ ሒሳብ "ይቅር" ማለት ከጀመርክ ግን መሰላሉን ሽጠው።

የሰሚት እናት፦

እኔ በዚህ አልስማማም። እማማ ከጎረቤታቸው ጋር ቡና ሲጠጡ ዋጋው ይነሳል፣ አትጠራጠር። እሷ 1,700 ስትከፍል እሳቸው 1,200 እንደሚከፍሉ ሲሰሙ ደስ የሚላቸው ከመሰለህ ተሳስተሃል። "ምስኪን አደረገኝ እንዴ?" ይላሉ። እናቴን ስለማውቃት ነው። ንገራቸው። በአካል ሂድ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ሳትሽኮረመም ንገራቸው። እሳቸው "ለእኔ ቀንስልኝ" ካሉ ያኔ ቀንስላቸው፣ መርቀውህ ትወጣለህ። ሳይጠይቁህ ግን አትመጽውታቸው።

ሒሳብ ክፍል፦

ስለ ቢሮው ማንም አልመለሰልህም፣ እኔ ልሞክር። ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ላይ ነው የምሠራው፣ እንደ አንተ ያሉ የአገልግሎት ውሎች በእጄ ያልፋሉ።

አሁን ባለው ውል ላይ በራስህ ፈቃድ መጨመር አትችልም። ዶላር ጨመረ፣ ነዳጅ ጨመረ ብለህ ብትከራከርም ሕጉ ከአንተ ጋር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1764 ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ እንደጸና ይቆያል ነው የሚለው። ተነጋግራችሁ ብትስማሙ ማሻሻል ይቻላል፣ ያ ግን የእነሱ በጎ ፈቃድ ነው። ለምን? ማናጀሩ ቢያዝንልህ እንኳ ኦዲተር ሲመጣ "ውሉ 5,000 ይላል፣ 7,000 ለምን ከፈላችሁ?" የሚባለው እሱ ነው። በቃል የተነገረ ጭማሪ እኛ ጋ ዋጋ የለውም። በደብዳቤ፣ በማህተም፣ ቁጥርና ቀን ያለው ይሁን።

ስለዚህ አርፈህ ውሉን ጨርስ፣ ግን ማለቂያውን ቀን አስታውስ። ውሉ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት በነበረው ዋጋ ይታደሳል የሚል አንቀጽ እንዳለው ዛሬውኑ አውጥተህ አንብበው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚበላው። ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከሁለት ወር በፊት አዲስ ፕሮፎርማ አስገባ፣ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ በጀት የሚይዘው ቀደም ብሎ ነው። የመንግሥት ከሆነ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ ላይ ብትጮህ የሚሰማህ የለም። አዲሱ ውል ላይ የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ አስገባ። በየስንት ጊዜው፣ እስከ ስንት በመቶ፣ በስንት ቀን ማስታወቂያ የሚለው ይጻፍ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንክ ደግሞ ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለውን ቁልጭ አድርገህ ጻፍ። 2,000 ብለህ ቫቱን ካልጠቀስክ 15 በመቶው ማለትም 300 ብሩ በማን ላይ ነው ተብሎ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚሸነፈው ሻጩ ነው።

ቀጥታ ነኝ፦

ጉድ እኮ ነው፣ ለመስታወት መጥረግ አንቀጽ! ቤት አከራዮችም እንዲህ አይጨነቁም።

ሒሳብ ክፍል፦

ቤት አከራዮችማ አሁን እንደፈለጉ መጨመር ቀርቷል፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 አስሯቸዋል። መስታወት ጽዳት ላይ እስካሁን አዋጅ አልወጣም፣ ስለዚህ ባለመሰላሉ ቶሎ ይበል።

ባለመሰላሉ፦

ሃሃ። እሺ፣ የቢሮውን ውል ማታ አወጣዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሲነገር ምን ተብሎ ነው? እኔ ስጀምር "እንደምታውቁት ኑሮው..." ብዬ እገባና መውጫው ይጠፋኛል።

የጀሞው፦

ኑሮውን ተወው። ኑሮው ብለህ ከጀመርክ እነሱም የራሳቸውን ኑሮ ያወሩልሃል፣ የሁላችሁም ኑሮ እኩል ይከብዳል፣ ዋጋው ባለበት ይቀራል። ሰው ምክንያት ባበዛህ ቁጥር የሚደራደርበት ነገር ያገኛል። "ሳሙና ተወደደ" ስትለው "ሳሙናውን እኔ አቀርባለሁ" ይልሃል፣ ደርሶብኛል።

እኔ ይህን እልካለሁ፣ ከደወልኩ በኋላ በጽሑፍ፦ "ጤና ይስጥልኝ። ከጥቅምት 1 ጀምሮ የቤትዎ መስታወት ጽዳት 1,700 ብር ይሆናል። የመስኮቱ ሐዲድና ወንፊቱም በዚሁ ዋጋ አብሮ ይጸዳል። እስከዚያ በተያዘው ቀጠሮ የምንመጣው በድሮው ዋጋ ነው። አመሰግናለሁ።" አለቀ። ይቅርታ የለበትም፣ ልመና የለበትም። ከላክህ በኋላ ዝም በል፣ ወዲያው መልስ ካልመጣ ደንግጠህ "ካልሆነም 1,500 ይሁን" ብለህ እንዳትጽፍ።

ከተከራከሩህ ዋጋውን ብቻ አትቀንስ፣ ሥራውን አብረህ ቀንስ። በ1,400 የውጭውን ብቻ፣ ወይም የታችኛውን ፎቅ ብቻ። ወይም ደግሞ በየሁለት ወሩ የሚያስጠራህ ከሆነ ቅናሽ አድርግለት፣ ምክንያቱም ቶሎ ቶሎ የሚጸዳ መስታወት ድካሙ ግማሽ ነው። በዓመት አንዴ የሚያስጠራህ ሰው ጋ ግን የምታጸዳው የዓመት አቧራ ነውና እንደ ቋሚ ደንበኛ አትቁጠረው።

1,200 ላይ ያሉትንም በአንድ ጊዜ 2,000 አታድርሳቸው፣ ያስደነግጣል። ዘንድሮ 1,700፣ የሚመጣው ጥቅምት ከአዲሶቹ ጋር እኩል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። በየጥቅምቱ እንደምትጨምር ከለመዱ የሚጠይቁህ "ዘንድሮ ስንት ሆነ?" ብለው ነው።

ኮዬ ብሎክ፦

ይቅርታ በመሀል ልግባ፣ የእኔ ትንሽ ይለያል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ጂ ፕላስ ፎር፣ የደረጃውን መስታወቶች ለብሎኩ ኮሚቴ አጸዳለሁ። ገንዘቡን ኮሚቴው ከየቤቱ እያዋጣ ነው የሚከፍለኝ። ለሰብሳቢው ጨምሩልኝ ስለው "እኔ ምን ላድርግ፣ ነዋሪው አይከፍልም" ይላል። ለማን ነው የምናገረው?

ሒሳብ ክፍል፦

ለሰብሳቢው በጽሑፍ ስጠው፣ እሱ የሚፈልገው ስብሰባ ላይ የሚያነበው ወረቀት ነው። በቃል ከሆነ ጭማሪውን ያመጣው እሱ ይመስላል፣ ነዋሪው የሚጮኸው በእሱ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን ለአንድ ቤት የሚደርሰውን ጻፍለት። 20 ቤት ካለና 800 ብር ከጨመርክ ለአንድ ቤት 40 ብር ነው። 800 ሲባል ሰው ይነሳል፣ 40 ሲባል ይቀመጣል። ስብሰባቸው በየስንት ጊዜው እንደሆነ ጠይቅና ከዚያ በፊት አድርስ።

የጀሞው፦

ኮዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የውጭውን በምንድን ነው የምታጸዳው? በመስኮት ተንጠልጥለህ እንዳትለኝ።

ኮዬ ብሎክ፦

እስካሁን በረጅም ዘንግ ከውስጥ እየዘረጋሁ ነው። የማይደረስበትን ትቼዋለሁ።

የጀሞው፦

ጥሩ አድርገሃል፣ ተወው። ወረቀቱ ላይም "የውጭውን ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይጨምርም" ብለህ ጻፍበት። ካልጻፍክ ጭማሪውን የከፈለ ነዋሪ ነገ ወደ ላይ እያመለከተ ያቺስ ይልሃል። ገመድና ቀበቶ ያለው ሰው አምጣ ካሉህ የእሱ ዋጋ ለብቻው ነው፣ ከ40 ብሯ ውስጥ አይወጣም።